ያልጻፍኩት ወንዝ

ሃምሳ አለቃው ፖስታውን ይዘው ወደ ቤቴ የመጡት በጥቅምት ይመስለኛል። ይመስለኛል ማለቴ ያለ ምክንያት አይደለም። ጠዋት ውርጭ የግቢዬን ሣር አንጥቶት እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ነገር ግን ደብረ ብርሃን ላይ ውርጭ ከጥቅምት እስከ ጥር ስለሚወርድ ይህ ደካማ ማስረጃ ነው። ዕድሜዬ ሰባን ካለፈ ወዲህ ትዝታዬን የምይዘው ቃሉን እንደሚለዋውጥ ምስክር ነው፤ እሰማዋለሁ፣ እመዘግበዋለሁ፣ በእርሱ ብቻ ግን አልፈርድም። ያለ ጥርጥር የማውቀው አንድ ነገር ነው። በዚያ ዕለት በገዛ እጄ ሦስት አጫጭር ዓረፍተ ነገሮች ጻፍኩ፤ በእነርሱም የአንድ ወታደር ስም ጠፋ።

ሃምሳ አለቃው ጎረቤቴ ናቸው። ትውልዳቸው አንኮበር ነው። በቀድሞው ጦር ውስጥ ወጣትነታቸውን ጨርሰው፣ ከዚያም በጥበቃ ሥራ ቆይተው ጡረታ ወጥተዋል። ሚስታቸው ካረፉ ብዙ ዓመት ሆኗል። ሁለት ልጆች አሳድገዋል፤ ሴቷ በኢንዱስትሪ ፓርኩ ልብስ ትሰፋለች፣ ወንዱ የአባቱን መንገድ ተከትሎ ወታደር ሆነ። የከባድ መኪና ሾፌር ነበር። ሰማያዊ መለዮ አድርጎ፣ በማያውቃቸው ሁለት ተፋላሚዎች መካከል ሰላም ሊያስከብር ወደ አንድ የአፍሪካ አገር ከሄደ ዓመት አልፎት ነበር። አባትየው ይህን ነገር እስከ መጨረሻው ሊገባቸው አልቻለም። «እኛ ስንዘምት ጠላታችንን እናውቀው ነበር» ይሉኝ ነበር፤ «ይህ ልጅ ግን ጠላት የለኝም ይላል። ጠላት የሌለው ወታደር ምን ይጠብቃል?»

እኔን መንደሩ «አምባሳደር» ብሎ ይጠራኛል። አምባሳደር ሆኜ አላውቅም። በሁለት ኤምባሲዎች ጸሐፊ፣ በብዙ ድርድሮች ላይ ደግሞ አስተርጓሚ ነበርኩ፤ ከዚያ በኋላ ጥቂት ዓመታት አስተምሬያለሁ። ማዕረጉን ማን እንደሰጠኝ አላውቅም፤ አለማረሜን ግን አውቃለሁ።

«አምባሳደር፣ እንደምን አደሩ» አሉኝ ሃምሳ አለቃው ከበሩ ቆመው።

«እግዚአብሔር ይመስገን። ይግቡ እንጂ፣ ብርዱ አጥንት ይሰብራል።»

«ብርዱንስ ለምደነዋል። ይህን ወረቀት እንዲያዩልኝ ነው። ልጁ ካለበት አገር ነው የመጣው። ፈረንጅ ነው የጻፈው አሉ።»

ፖስታውን ያመጣው ለዕረፍት የተመለሰ ሌላ ወታደር ነበር። ክፍሉ ሌላ በመሆኑ በአደራ ከመቀበሉ በቀር ስለ ጉዳዩ የሚያውቀው ነገር አልነበረውም። የጻፈው የተልዕኮው የተሽከርካሪ ክፍል ኃላፊ የሆነ የውጭ አገር መኮንን ነው፤ ወግ ያለው ማስታወቂያ እስኪደርስ ቤተሰቡ በወሬ እንዳይጎዳ ብሎ በራሱ ፈቃድ የጻፈው ደብዳቤ ነበር። አንድ ገጽ ነው። ቆሜ አነበብኩት። ሃምሳ አለቃው ወረቀቱን ሳይሆን ፊቴን እያነበቡ እንደነበር አውቃለሁ፤ ፊቴ ግን በዚህ ሥራ የሠለጠነ ነው፤ ምንም አልነገራቸውም።

ደብዳቤው እንዲህ ይላል። ድንገተኛ ጎርፍ በመንገድ ላይ የነበረች አንዲት መኪና ወንዝ መሐል አስቀርቷል። በጣሪያዋ ላይ ሁለት ሴቶችና ሕፃናት ወጥተው ይጮሃሉ። የሃምሳ አለቃው ልጅ ከባድ መኪናውን ከዳር አቁሞ፣ ገመድ ከወገቡ አስሮ ገባ። ሕፃናቱን አወጣ፤ ተመልሶ አንዷን ሴት አወጣ። ለሁለተኛዋ ሲመለስ ገመዱ ተበጠሰ። ከዚያ ወዲህ አልታየም። መኮንኑ እስከ ዛሬ አልተገኘም፣ ፍለጋው ቀጥሏል ይላል፤ እንዲህ ያለ ሰው አብሮኝ በመሥራቱ ክብር ይሰማኛል ይልና ይደመድማል።

«ደህና ነው?» አሉኝ።

«ቋንቋው የመሥሪያ ቤት ቋንቋ ነው» አልኳቸው። «ቸኩዬ እንዳልሳሳት በጽሑፍ ልተርጉምልዎ። እኩለ ቀን ላይ ይምጡ።»

ወታደር ናቸውና ጠብቁ ሲባሉ መጠበቅ ያውቃሉ።

በእኛ አገር መርዶ የራሱ ሰዓትና የራሱ ሰው አለው። ሽማግሌ ተሰባስቦ፣ ጎሕ ሲቀድ፣ ዘመድ አጠገብ ባለበት ይነገራል እንጂ አንድ ሰው ከበር ላይ ቆሞ አይተፋውም። ገና ያልተረጋገጠ ሞት ደግሞ መርዶ እንኳ አይደለም። ወንዙን ብጽፈው፣ ገመዱን ብጽፈው፣ አባትየው ቀሪውን ራሳቸው ይጨርሱታል፤ ይህን ያህል አዋቂ ናቸው። ስለዚህ ወንዙን ተውኩት። በዚያን ሰዓት ይህን ርኅራኄ ብዬ ጠርቼው ነበር። አሁንም ቢሆን በውስጡ ርኅራኄ አልነበረም አልልም፤ ግን ብቻውን አልነበረም።

ስለ ሥራዬ ጥቂት መናገር አለብኝ። ሁለት ወገኖች በማይስማሙበት ጠረጴዛ ላይ የአስተርጓሚ ዋጋው ሁለት በር ያለው ቃል ማግኘት ነው፤ አንዱ በዚህ ይገባል፣ ሌላው በዚያ ይወጣል፣ ሁለቱም ይፈርማሉ። አንድ ጊዜ ጦሩ ከአንድ ቦታ ይውጣ አይውጣ በሚል ክርክር ሦስት ቀን ከፈጀ በኋላ፣ በአማርኛው ረቂቅ ላይ «ፈቀቅ ይላል» የሚል ቃል አቀረብኩ። አንደኛው ወገን ለቆ ይሄዳል ብሎ ተረዳው፤ ሌላኛው ጥቂት እርምጃ ወደ ጎን ይላል ብሎ ተረዳው። አለቃዬ እጄን ጨብጦ «አንተ ባትኖር ምን እንሆን ነበር» አለኝ። ያ ጦር ስንት እርምጃ ፈቀቅ እንዳለ፣ ባለማለቱ ምክንያትም በዚያ አካባቢ ይኖር የነበረው ሰው ምን እንደሆነ ተከታትዬ አላውቅም። ቃሉን ግን ለብዙ ዓመታት ለተማሪዎቼ እየጠቀስኩ ኮርቼበታለሁ።

ሃምሳ አለቃው እኩለ ቀን ሲሞላ፣ ምናልባትም ጥቂት ቀደም ብለው፣ መጡ። የሰጠኋቸው ትርጉም ይህ ነው። «ልጅዎ ከተመደበበት ቦታ ከጠፋ ሦስት ሳምንት ሆኖታል። እየተፈለገ ነው። አዲስ ነገር ሲገኝ ይገለጽልዎታል።» ከግርጌው «ትርጉሙ ትክክል መሆኑን አረጋግጣለሁ» ብዬ በልማዴ ፈረምኩበት። የእንግሊዝኛውንም ወረቀት መለስኩላቸው። የንባብ መነጽራቸውን አልያዙም ነበርና ሁለቱንም አጥፈው በደረት ኪሳቸው ከተቱት።

«በሕይወት አለ?» አሉኝ።

«ሞቷል የሚል አንድም ቃል የለበትም።»

ይህ እውነት ነበር።

በቀጣዩ እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ሰንበቴ ነበረን። በቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ውስጥ በየተራ ዳቦና ጠላ እያቀረብን የምንሰበሰብበት ማኅበር ነው። ሃምሳ አለቃው ለልጃቸው ጸሎት እንዲደረግ ፈልገው ወረቀቱን ለጸሐፊው ሰጡ። ጸሐፊው ጮክ ብሎ፣ ፊርማዬን ሳይቀር አነበበው። እኔ በግድግዳው በኩል ከሽማግሌዎቹ ጋር ተቀምጬ ዳቦ እየቆረስኩ ነበር።

አንዱ ባለ ሱቅ «ጠፋ ነው ያልከው?» አለ።

«ጠፋ ይላል» አለ ጸሐፊው።

«ከዚያ አገር ደግሞ ወዴት ይጠፋል?»

«ወዴት ይሆናል፣ ጥገኝነት ጠይቆ ነዋ» አለ ከጎኑ የተቀመጠው የወፍጮ ቤት ባለቤት። «ስንቱ ነው እዚያው ቀልጦ የቀረው። ብልጥ ልጅ ነው።»

«ሃምሳ አለቃ፣ እንግዲህ ካናዳ ገብቼአለሁ ብሎ ሲደውል እኛን እንዳይረሱን» አለ ባለ ሱቁ። ሳቅ ሆነ። በክፋት አልነበረም፤ የምሥራች የነገራቸው መስሎት ነበር።

«ዝጋ አፍህን» አሉ አንድ የቀድሞ ወታደር የሆኑ ሽማግሌ። «ምኑ ያስቅሃል? ወታደር ጠፋ ማለት ምን እንደሆነ አታውቅም?»

«ምንድን ነው?»

«ከዳ ማለት ነው። እየተፈለገ ነው ሲባል አትሰማም? የሚፈለግ ወንጀለኛ ነው።»

በዚያች ቅጽበት፣ እንደ ማንኛውም ሰው፣ የራሴን ጽሑፍ በጆሮዬ ሰማሁት። ቃሉ አዲስ አልነበረም፤ በየሰፈሩ የምሰማው ነው። ከጦር ሜዳ የጠፋ፣ ከትዳሩ የጠፋ፣ ከአገር የጠፋ። እኔ ደግሞ መዝገበ ቃላት ሦስት ጊዜ ያረምኩ ሰው ነኝ።

ሃምሳ አለቃው ከተቀመጡበት ተነሡ። «አምባሳደር» አሉኝ፤ «እንደዚህ ነው የሚለው?»

ሁሉም ወደ እኔ ዞረ። «ወረቀቱ የሚለው እንደተነበበው ነው» አልኩ።

የትኛው ወረቀት እንደሆነ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። ጸሎቱ ተደረገ፤ ማንም ግን ምን ብሎ እንደሚጸልይ የተረዳ አልመሰለኝም።

ይህ ቃል ለሃምሳ አለቃው ምን እንደነበር ለመረዳት ስለ ጣርማ በር የሚናገሩትን ታሪክ ማወቅ ያስፈልጋል። የቀድሞው መንግሥት ሲወድቅ ክፍላቸው እዚያው፣ ተራራውን ሰንጥቆ ከሚያልፈው የዋሻ መንገድ አጠገብ ነበር። አንድ ጠዋት ሲነሡ አዛዡም ጓዱም የለም። እርሳቸው ብቻቸውን በጉም ውስጥ ቆሙ፤ ሦስት ቀን ይላሉ፣ አንዳንዴ አራት ይላሉ። በግ የምታግድ አንዲት ሴት አይታቸው «አንተ ወንድሜ፣ ማንን ነው የምትጠብቀው? መንግሥት እኮ የለም» አለቻቸው። «ታዲያ ጠብመንጃው የማን ነው?» አሏት። በመጨረሻ በእግራቸው ሄደው፣ መሣሪያውን ለአዲሶቹ ታጣቂዎች አስረክበው፣ ደረሰኝ ጠየቁ። ታጣቂዎቹ ሳቁባቸው። እርሳቸው ግን ካልተጻፈልኝ አልሄድም ብለው ተቀመጡ። በሲጋራ ካርቶን ጀርባ ላይ «አንድ ክላሽ ተረክበናል» ተብሎ ተጻፈላቸው። ያችን ካርቶን እስከ ዛሬ ከልደት ካርዳቸው ጋር ያስቀምጧታል። «ጠፋ እንዳልባል ነው» ይሉ ነበር። በእርሳቸው ዘመን በክፍሉ መዝገብ ላይ ከስም ትይዩ የሚጻፈው ትልቁ ውርደት ያ ቃል ነበር። አሁን ደግሞ ባለ ሱቁ ሊመርቃቸው የተጠቀመበት ያንኑ ቃል ነው። ዓለም ተለውጦ ሊሆን ይችላል፤ እርሳቸው ግን አልተለወጡም።

ከዚያ እሑድ በኋላ በሰንበቴው አልታዩም። ከዕድሩ ስብሰባም ቀሩ። ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸውን ለሴት ልጃቸው ትተው አንኮበር ወደ እህታቸው ቤት ወረዱ። ወሬው ግን ቀድሟቸው ወርዶ ነበር። ከአፍ የወጣ አፋፍ ነው ይላሉ በዚያ አገር፤ ከገደሉ ጫፍ የወረደ ነገር ማን ይመልሰዋል።

ሴት ልጃቸው ወደ እኔ የመጣችው ከሥራ ውላ፣ የፋብሪካውን ሰማያዊ ጋውን ሳታወልቅ ነበር። ስልኳን ከፍታ ያዘች።

«አባባ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ፤ የእንግሊዝኛውን ወረቀት በስልኬ ፎቶ አንሥቼ አስተረጎምኩት።»

«ስልክ ምን ይላል ልጄ?»

«ግማሹ አይገባም። ልጅህ ናፍቆናል ይላል። ፈረንጁ መኮንን ወንድሜን ለምን እንደሚናፍቀው አላውቅም።» ፈገግ ልትል ሞከረችና ተወችው። «ግን ወንዝ የሚል አለ። ሦስት ቦታ ላይ ወንዝ ይላል። ገመድም ይላል። የእርስዎን ደግሜ ደግሜ አነበብኩት፤ ወንዝ የለበትም።»

ስልኩን ወደ እኔ አስጠጋችው።

«አባባ፣ ወንዙን የት አደረጉት?»

በዕድሜዬ ብዙ ተሟጋቾች አጋጥመውኛል፤ እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ግን አላስታውስም። እንዳልሰማ ሆኜ መነጽሬን ጠረግሁ። ከዚያ ቀስ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ጎርፉን፣ ሕፃናቱን፣ ገመዱን። ሳታለቅስ እስከ መጨረሻው ሰማችኝ። ስጨርስ «ለአባቴ አሁኑኑ ይንገሩልኝ» አለች።

«ወግ ያለው ማስታወቂያ እስኪመጣ ብንታገሥ...»

«እስከዚያ ድረስ አባቴ የከዳተኛ አባት ሆኖ ይቆይ?»

«ተስፋ እንዳይቆርጥ ብዬ ነው ልጄ።»

«ተስፋማ አለው። በሕይወት እንዳለ አምኗል። በሕይወት መኖሩ እኮ ነው የሚያሳፍረው።»

በቀጣዩ ቅዳሜ አንኮበር እንደምሄድ ቃል ገባሁላት። ቃል በገባሁበት ቀን ረቂቄን ለማየት መሳቢያዬን ከፈትኩ። የጻፍኩትን ረቂቅ ሁሉ ማስቀመጥ የድሮ ልማዴ ነው። አገኘሁት። በላይኛው መስመር ላይ በእርሳስ እንዲህ ተጽፏል፦ «ልጅዎ በጎርፍ የተከበቡ ሰዎችን ለማዳን ወንዝ ገብቶ ሕፃናትንና አንዲት ሴት ካወጣ በኋላ የደረሰበት አልታወቀም።» ይህ በአንድ ቀጥ ያለ ሰረዝ ተሰርዟል። ከሥሩ «ከተመደበበት ቦታ ጠፋ» የሚለው አለ።

እስከዚያን ሰዓት ድረስ ራሴን ያሳመንኩት ትክክለኛው ቃል በዚያ ጠዋት አልመጣልኝም ብዬ ነበር፤ ሽምግልና ነው፣ ቃል ይሰወራል። እነሆ መጥቶልኝ ነበር። መጥቶልኝ፣ ጽፌው፣ ሰርዤዋለሁ። ለምን እንደሰረዝኩት ትዝታዬን ብጠይቀው ርኅራኄ ይለኛል። ሰረዙ ግን ሌላ ነገር የሚናገር መሰለኝ። «የደረሰበት አልታወቀም» ከተባለ አባት ምን ደረሰበት ብሎ ይጠይቃል፤ ያኔ እዚያ ክፍል ውስጥ ከእርሱ ጋር መቀመጥ ግድ ይሆናል። «ጠፋ» ግን ጥያቄውን ወደ ውጭ ይልከዋል። ወረቀቱን ተቀብለው እንዲሄዱልኝ ፈልጌ ነበር።

ቅዳሜ አልሄድኩም። ጉም ነው አልኩ። በሚቀጥለው ቅዳሜ ጉልበቴን አመመኝ። ጉልበቴ በእርግጥ ያመኛል፤ በዚያ ቅዳሜ ከሌላው ቀን የባሰ አሞኝ እንደነበር ግን ልምል አልችልም።

ማስታወቂያው በሦስተኛው ሳምንት መጣ። አስከሬኑ ከታችኛው የወንዙ ዳርቻ ተገኝቷል። የሰንበቴው ኃላፊ፣ በማዕረጉ ሙሴ የምንለው ሽማግሌ፣ ራሱን ጨምሮ አራታችንን ሰበሰበን። ሌሊቱ ሳይለቅ በተከራየናት ሚኒባስ ከደብረ ብርሃን ተነሣን። ልጅቷ ከኋላ ወንበር ተቀምጣ ነበር። ሙሴ በመንገድ ላይ «እርስዎ ይንገሩት» አለኝ፤ «ቃል ያውቃሉ።» ልጅቷ ይህን ሰምታ ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

አንኮበር ስንደርስ ከገደሉ በታች ያለው ቆላ ገና አልታየም፤ ደመናው ሞልቶበት ነበር። የሃምሳ አለቃው እህት ቤት ከመንገዱ ጥቂት ወረድ ይላል። እርሳቸው ቀድመውን ተነሥተው ከደጃፉ ቆመዋል። አምስት ሰው ጎሕ ሲቀድ ነጠላ አዘቅዝቆ ሲመጣ ያየ የአገሬ ሰው የመጣውን ለማወቅ ቃል አያስፈልገውም። እርሳቸው ግን እጃቸውን አንሥተው አስቆሙን።

«መጀመሪያ አንድ ነገር ንገሩኝ» አሉ። «ጠፍቷል?»

ሙሴ አየኝ። ሌሎቹም አዩኝ። እንደ ወጉ ከሩቅ ጀምሬ፣ በእግዚአብሔር ፈቃድ ገብቼ፣ አዙሬ አዙሬ መድረስ ነበረብኝ።

«አልጠፋም» አልኩ። «ሰው ሲያወጣ ወንዝ ወስዶት ሞቷል።»

«አልጠፋም» አሉ።

«አልጠፋም።»

«ተመስገን» አሉ ሃምሳ አለቃው።

ከዚያ በኋላ ነው ጩኸቱ የተነሣው፣ ጎረቤት የተሰበሰበው። እኔ ግን ያን ቀን ሁሉ የምሰማው ያንን አንድ ቃል ነበር። አንድን አባት በልጁ ሞት ላይ ተመስገን ያስባለው ጦርነት አልነበረም፤ ጎርፉም አልነበረም። ከለቅሶው መሐል ለሙሴ ጠጋ ብዬ «ጥፋቱ የእኔ ትርጉም ነው፤ አሁን ልናገር» አልኩት። «ዛሬ የሐዘን ቀን ነው፤ ይተዉት። የፈሰሰ ውኃ አይታፈስም» አለኝ። ዝም ስላሰኘኝ ቀለል አለኝ፤ ይህንንም እጽፈዋለሁ።

ቀብሩ ደብረ ብርሃን ላይ በክብር ተፈጸመ። አርባው ወጣ። ነገሩ ያበቃ መስሎኝ ነበር። አንድ ቀን ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ሾፌሩ ከፊት ከተቀመጠው ጓደኛው ጋር ሲያወራ ሰማሁ። «ያ የሰላም አስከባሪው ልጅ» አለ ጓደኛው። «አዎ፣ ሲጠፋ ወንዝ የወሰደው» አለ ሾፌሩ። ሁለቱ ወረቀቶች በሰው አፍ ውስጥ ተጋብተው ነበር። የእኔ «ጠፋ» ከሞቱ ጋር አብሮ ቀጥሏል፤ ሞቱ አላረመውም።

ከባጃጁ ወርጄ ቤቴ ገባሁ፤ ረቂቁን አውጥቼ ወደ ሃምሳ አለቃው ቤት ሄድኩ። ከቀብሩ ወዲህ ከአንኮበር ተመልሰዋል፤ አባትና ሴት ልጃቸው ቤት ነበሩ። ባጃጁ ውስጥ የሰማሁትን ነገርኳቸው። ሰምተውት ኖሯል፤ እንዲያውም ከእኔ በፊት። ረቂቁን ለልጅቷ ሰጠኋት። የተሰረዘውን መስመር ለአባቷ አነበበችላቸው። መነጽራቸውን አድርገው ራሳቸውም አዩት፤ ጣታቸውን በሰረዙ ላይ ከዳር እስከ ዳር አስኬዱት።

«ይህ በፊት የተጻፈ ነው?» አሉ።

«በፊት የተጻፈ ነው።»

«ያኔውኑ?»

«በዚያው ጠዋት።»

«ለምን ሰረዙት?»

አላስታውስም ማለት እችል ነበር። ከእውነት ብዙ የራቀ አይሆንም፤ በዕድሜዬ ያለ ሰው ደግሞ ይታመናል። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

«እንዳይጠይቁኝ ብዬ ነው» አልኩ።

አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ወረቀቱን በመጣበት እጥፋት አጥፈው መለሱልኝ። «እሑድ ሰንበቴው ላይ ያንብቡት» አሉ። «የእንግሊዝኛውን ሙሉውን ይተርጉሙና ያንብቡ። ይህንንም ያንብቡ። የተሰረዘውን የተሰረዘ ነው ብለው፣ የቀረውን የቀረ ነው ብለው።»

እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ቆሜ አነበብኩ። ጎርፉን አነበብኩ፣ ገመዱን አነበብኩ፣ የመኮንኑን የክብር ቃል አነበብኩ። ከዚያ የተሰረዘውን፤ ከዚያም በእርሱ ቦታ የተካሁትን፣ የሰረዝኩትም እኔ መሆኔን ተናገርኩ። ባለ ሱቁ አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሙሴ ከሐፍረቱ ሊያነሣኝ ፈልጎ «አምባሳደር፣ ይህ የእርስዎ ትሕትና ነው። ማንም ሰው ሲተረጉም ይሳሳታል» አለ። ጥቂቶች «እውነት ነው» ብለው አጉረመረሙ። በእንዲህ ያለ በር ብዙ ጊዜ ወጥቼአለሁና በሩን አወቅሁት።

«ትሕትና አይደለም» አሉ ሃምሳ አለቃው ከወንበራቸው ሳይነሡ። «ስሕተትም አይደለም። አንዳንዱ ሰው ዘግይቶ ነው የገባው። ይድገሙልን።»

ደገምኩት። የተሰረዘው መስመር ላይ ስደርስ ንባቤን አቋረጥኩ። ማንም አላገዘኝም፤ እስክጨርስ ጠበቁኝ።